የቸሃ ሰርፊንግ ለምን ዘገየ?

ሰርፊንግ ማለት በማዕበል ጫንቃ ላይ በሰሌዳ ቆሞ መንሸራተት ነው። በሃዋይ ከጥንት ጀምሮ ንጉሥም ሕዝብም ሲያደርገው ኖሯል። በጉራጌው ቸሃ ግን ታይቶ አያውቅም። ይህ ጥናት የመዘግየቱን ምክንያት ይመረምራል።

የስፖርቱ ሰዎች ከሚመኟቸው ቦታዎች አንዱ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ የተዘረጋ የድንጋይ ግንብ ያለበት ነው። በግንቡ ጎን አሸዋ ይከመራል፤ ማዕበሉ እዚያ ሲደርስ እግሩ ይያዛል፣ አናቱ ወደፊት ይደፋል። ጋላቢው የሚጠብቀውም ይህንኑ መደፋት ነው። መኪና የማይገባበት፣ በጀልባ ብቻ የሚደረስበት ከሆነ ደግሞ ክብሩ እጥፍ ይሆናል፤ ተሻሚ የለማ! መኪና ባለማስገባት በኩል የቸሃ መንደሮች ለብዙ ክረምት መስፈርቱን አሟልተው ኖረዋል።

ጉድለቱ ውሃው ላይ ነው። የጉራጌ ሰው ከአገሩ ወጥቶ መርካቶን ሞልቷል፤ የአገሩ ውሃ ግን አንድም ባሕር አልደረሰም። በጉራጌ ተራሮች ምዕራብ፣ በቸሃ በኩል የዘነበው ወደ ዋቤ ይወርዳል፤ ዋቤ ጊቤን ይቀላቀላል፤ ጊቤም ስሙን ወደ ኦሞ ለውጦ ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በምሥራቅ፣ በቡታጅራ በኩል የዘነበው በመቂ ወንዝ ዝዋይ ይገባል፤ ትርፉ በቡልቡላ ወርዶ አብጃታ ላይ በፀሐይ ይተናል። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ከአዋሽ ጋር አፋርን አቋርጦ እስከ ጅቡቲ ድንበር ይዘልቃል፤ ባሕሩ ሊሸተው ሲል አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። በሦስት አቅጣጫ ተሞክሮ በሦስቱም አልተሳካም።

ስለዚህ ቅርቡ ተስፋ ዝዋይ ነው። ከቡታጅራ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በጀልባ ብቻ የሚደረስባቸው ደሴቶችም አሉት። ከመካከላቸው ትልቁ ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም ያለበት፣ የዛይ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። በትውፊት ታቦተ ጽዮን ከዮዲት ጉዲት ሸሽታ የተጠለለችው እዚያ ነው ይባላል። ለመሸሸጊያ የሚሆን ደሴት ለማዕበል ግን አይሆንም። ማዕበል እንዲገዝፍ ነፋስ ያለ ከልካይ የሚሮጥበት በመቶና በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ሜዳ ይፈልጋል፤ ዝዋይ ከጫፍ ጫፍ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ጀርመናዊ ፖርቱጋል ናዛሬ ላይ የጋለበው ማዕበል 26.21 ሜትር ተለክቷል። የዝዋይ እጅግ ጥልቁ ቦታ 9 ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ከነታቹ ተነሥቶ ቢቆም እንኳ የናዛሬን ወገብ አይደርስም።

የሰሌዳው ጉዳይ ግን ተስፋ ሰጪ ነው። በፔሩ፣ በሁዋንቻኮ፣ ዓሣ አጥማጆች «የሸምበቆ ፈረስ» በሚሏት ጠባብ ጀልባ ማዕበል እየጋለቡ ወደ ዳር ይመለሳሉ፤ የሰርፊንግ መነሻ እሷ ናት የሚሉም አሉ። ይህች ጀልባ የጣናዋ የደንገል ታንኳ የሩቅ ዘመድ ትመስላለች። የጣና ደንገል ደግሞ ውቅያኖስ አይቷል፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» በተባለ ጀልባው አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። ጀልባው ባርባዶስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተፈታ፤ በዓመቱ የተሠራው «ራ 2» ተሻገረ።

ቸሃ ደንገል የለውም፤ እንሰት አለው። እንሰት የሙዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሙዝ ግንድ ታስሮ ውሃ መሻገሪያ እንደሚሆን ደግሞ የቤንጋል ገበሬ ያውቃል። የእንሰት ግንድ የሰው ቁመት ያህል ይረዝማል፣ ውስጡ ባለ ብዙ አየር ነው፣ ማሰሪያውም ቃጫ ሆኖ ከራሱ ይወጣል። በአጭሩ እያንዳንዱ የቸሃ ጓሮ የሰሌዳ መጋዘን ነው። ታዲያ ማን ነካው? ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ እንኳ እንሰት አለ፣ ማዕበል የለም።

ምክንያቱ በጥናቱ ማብቂያ ተገኝቷል። አንድ እንሰት ለመድረስ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ ሴቶቹ ይፍቁታል፣ ጉድጓድ ይገባል፣ ቆጮ ሆኖ ይወጣል፤ ለመስቀልም ከክትፎውና ከአይቤው ጎን በኮባ ላይ ይቀርባል። ቸሃ ሰሌዳውን ይበላዋል።

ይህን አንብቦ ለሙከራ ያህል አንድ ግንድ ሊቆርጥ ወደ ጓሮ የሚገባ ጎረምሳ ካለ፣ አስቀድሞ እናቱን ያስፈቅድ።