የጨዋታ ግምትንና የቁጥር አያያዝን ለመደንገግ በባሕር ዳሯ ሰባታሚት የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!

ቅዳሜ ከሰዓት በሰባታሚት ዲኤስቲቪ ቤቶች ውስጥ ከሰው ቁጥር ይልቅ መቶኛ የበዛ በመሆኑ፤

የአርሴናልን የማዕዘን ምት በቃሉ የሚወጣው ወጣት፣ የባሕር ዳር ከተማን የመጨረሻ አምስት ውጤቶች ሲጠየቅ ስልኩን መነካካት የሚጀምር በመሆኑ፤

ገማቹ ሁሉ ከጨዋታው በፊት በስሌት፣ ከጨዋታው በኋላ በዳኛው የሚያሳብብ በመሆኑ፤

በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን የተቀመጥን፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሁለት ጨዋታ የምናይ እኛ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የግምት አዋጅ ቁጥር 0 ለ 0» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ስታቲስቲክስ» ማለት የምንደግፈው ቡድን እንደሚያሸንፍ የሚያስረዳ ቁጥር ነው። እንደሚሸነፍ የሚያስረዳው «ወሬ» ይባላል። «ሊቅ» ማለት የውርርድ ትኬቱ ገና ያልተበላበት ሰው ነው። «ኤክስ ጂ» ማለት አንድ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉ ሲሆን፣ የሚሰላውም ቀደም ሲል ከተመሳሳይ ቦታ የተሞከሩት ስንቱ እንደገቡ ተቆጥሮ ነው። ለፍጹም ቅጣት ምት 0.78 ገደማ ይሆናል። የቀረው 0.22 በሰባታሚት «መተት» ሲባል ኖሯል፤ ከዛሬ ጀምሮ በረኛው አዳነው እንዲባል ተፈቅዷል።

አንቀጽ 3፤ ስለ ባለሜዳ

«በሜዳው አይነካም» ብሎ መገመት ክልክል ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦቹን በጥቂት ከተሞች እየሰበሰበ ሲያጫውት ከርሟል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናግደዋል። እንዲህ ባለ ውድድር የጣና ሞገዶች የምንላቸው ባሕር ዳር ከተማዎች ሐዋሳ ላይ ባለሜዳ ተብለው ቢመዘገቡ፣ ባለሜዳነታቸው ወረቀቱ ላይ ነው እንጂ አዳራቸው ሆቴል ነው። የባለሜዳ ጥቅም የሚባለው ከደጋፊ ጩኸት፣ ከተጋጣሚ የመንገድ ድካምና ሣሩን ከመልመድ የሚመጣ ነገር ነው። በኮሮና ጊዜ የአውሮፓ ስታዲየሞች ባዶ ሲሆኑ ጥቅሙ እዚያው አውሮፓም ቀንሶ ታይቷል። ስለዚህ ከእንግሊዝ ሊግ የተቀዳ የባለሜዳ መቶኛ እዚህ አምጥቶ የሚለጥፍ ሰው የሦስት ሰው ሻይ ይከፍላል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ደንብ ንባብ

ከካልኩሌተር በፊት ደንቡ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ አፍሪካ ከሴራሊዮን 0 ለ 0 ተለያይታ በግብ ልዩነት ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍኩ ብላ ጨፈረች። ደንቡ ግን በነጥብ ሲተካከሉ መጀመሪያ የሚታየው የእርስ በርስ ውጤት ነው ይል ነበርና ኒጀር አለፈች። መደመሩ ላይ ስህተት አልነበረም። በጨፈሩት ለመሳቅ የተዘጋጀ ሁሉ ግን ወደ ቤቱ ይመልከት፤ በሰኔ 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን ሜዳ ላይ አሸንፈን ሳለ፣ ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች አሰልፈን ሦስት ነጥብ በፊፋ ጠረጴዛ ላይ ተነጥቀናል። ለዚያ ሊቅ አያስፈልግም ነበር፤ እስከ ሁለት መቁጠር የሚችል ሰው ይበቃ ነበር።

አንቀጽ 5፤ ስለ አቻ

ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው በአማካይ 1.2 ግብ የሚያገቡ ቢሆኑ፣ ፖይሰን በተባለው ፈረንሳዊ ስሌት 0 ለ 0 የመውጣት ዕድላቸው 9 በመቶ፣ በማንኛውም ውጤት አቻ የመለያየት ዕድላቸው ደግሞ 28 በመቶ ያህል ነው። ይህም ሆኖ አቻ የሚገምት ሰው በሰባታሚት ፈሪ እየተባለ ሲሰደብ ቆይቷል። ስድቡ ተሽሯል።

አንቀጽ 6፤ ስለ ትኬት

አሥር ጨዋታ ደርድሮ «ሁሉም እርግጠኛ ናቸው» የሚል ሰው ይህን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ እያንዳንዱ ጨዋታ 60 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ቢኖረው፣ አሥሩም የመሳካት ዕድላቸው ከሺህ 6 ነው። «አንዷ ጨዋታ በላችኝ» የሚለው እሮሮ ከዚህ በኋላ አይሰማም። የሚበላው መደርደሩ ነው።

አንቀጽ 7፤ የመቁጠር ግዴታ

እ.ኤ.አ. በ1950 ቻርለስ ሪፕ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሹም፣ የስዊንደን ታውንን ጨዋታ እያየ በእርሳስ መመዝገብ ጀመረ። ኮምፒውተር አልነበረውም። ስለሆነም ባሕር ዳር ከተማ በሚጫወትበት ቀን ሁሉ አንድ ሰው ደብተርና እርሳስ ይዞ ሙከራውን፣ ቦታውንና ደቂቃውን ይጽፋል፤ መቀመጫው ከፊት፣ ሻዩ በነጻ ይሆናል። መብራት ከጠፋ የጠፋበትን ደቂቃ ጽፎ ያቆማል እንጂ የቀረውን ከሬዲዮ ጩኸት አይገምትም። ይኸው ሪፕ አብዛኛው ግብ ከጥቂት ቅብብል እንደሚመጣ አይቶ ኳስ በረጅሙ ይለጋ ብሏልና፣ ቆጣሪው ከእርሱ ስህተት ይማር። አብዛኛው የኳስ ይዞታ በጥቂት ቅብብል የሚያልቅ ከሆነ አብዛኛው ግብም ከዚያው መምጣቱ ምን ይገርማል?

አንቀጽ 8፤ ምሕረት

በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ገና ባደገበት ዓመት ዋንጫ እንደሚያነሳ ያልገመተ አይከሰስም። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ዳኛው ታመው ጨዋታው ተቋርጦ፣ ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 ስለተለያዩ ለአፍሪካ ዋንጫ እንደምናልፍ ያልገመተም ነጻ ነው። ይህን ገምቼ ነበር የሚል ካለ ግን ትኬቱን ያሳይ።

አንቀጽ 9፤ ስለ ተሻሩ ልማዶች

«ልቤ ነግሮኛል» የሚል ማስረጃ፣ ማልያ ሳያጥቡ የመልበስ ልማድና ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ሕልም ሁሉ ተፈጻሚነት አይኖራቸውም።

አንቀጽ 10፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የዳኛው ፊሽካ ከተነፋበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ባሕር ዳር ከተማ ተቀናቃኙን ፋሲል ከነማን በሚገጥምበት ቀን ግን ለ90 ደቂቃና ለባከነው ሰዓት ጭምር ታግዶ ይቆያል።