ዶማ በርካሽ፣ ጉድጓድ በውድ

የብረት መፈለጊያ ማሽኑን ገዝተዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎ! ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲሸሽ ቀብሮት ሄደ የሚባለውን የወርቅ ሣጥን ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ መሬት ሊያወጡ ነው። ያለዎትን ሁሉ ለማሽኑ ስለከፈሉ ለመቆፈሪያው የተረፈችው ፍራንክ ትንሽ ናት። አይጨነቁ። ገንዘብዎን፣ ወገብዎንና ምናልባትም ነፃነትዎን አንድ ላይ የሚጨርስ ርካሽ ዶማ እንዴት እንደሚመረጥ እነሆ።

አንደኛ፣ በቀለሙ ይምረጡ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሲገቡ ከሁሉ ይልቅ የሚያብረቀርቀውን ያንሱ። ቀለም የሳሳ ላሜራንም ሆነ የተሰነጠቀ ብየዳን አሳምሮ ይሸፍናል። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ጥቁርና መልከ ጥፉ ዶማ ቢያሳዩዎት ፊትዎን ያዙሩ። ባሌስትራ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የኖረ ብረት ስለሆነ ድንጋይ ሲያገኘው ቶሎ አይታጠፍም፣ ስለትም ይይዛል፤ እርስዎ ደግሞ ለረጅም ዕድሜ አልተዘጋጁም። ዶማውን በመዶሻ መታ አድርገው ድምፁን ማዳመጥም አያስፈልግም። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ከታፈነ ስንጥቅ ይጠርጠር የሚሉት ሥራ ያጡ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ዛቢያውን ችላ ይበሉት። የደረቀ ወይራ ውድ ነው፤ ትናንት የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን በነፃም ይገኛል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያኔ ዶማው ከዛቢያው ተላቅቆ ከፊትዎ ወደቆመው ጓደኛዎ ይበራል። ዛቢያው ከላይ የሚገባና ጫፉ ወፈር ያለ ከሆነ በሰነዘሩ ቁጥር ብረቱ እየጠበቀ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለውን አይግዙ፤ ሥራው ያለ ድንጋጤ ያልቅብዎታል። የሚታጠፈውን የወታደር አካፋ ቢመርጡም መልካም ነው። መገጣጠሚያው ጠንካራ መሬት ላይ ቀድሞ ስለሚሰበር በጊዜ ቤትዎ ይገባሉ።

ሦስተኛ፣ አንድ መሣሪያ ለሁሉም አፈር ይበሉ። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር በክረምት አካፋ ላይ እንደ ሊጥ ተጣብቆ አልወርድ ይላል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቡራዩ ዳገቱ ላይ ድንጋዩ ዲጂኖ ይጠይቃል። ሰበታም ከወጨጫ ግርጌ ወረድ ባሉ ቁጥር መሬቱ ጠባዩን ይለውጣል። እርስዎ ግን ሰፊና ዝርግ የአሸዋ አካፋዎን ይዘው ሦስቱንም ይዙሩ።

አራተኛ፣ ዶማውን ከማሽኑ አጠገብ አያርቁት። ማሽኑ ወርቅ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ሲያገኝ ይጮኻል፣ በቃ። ስለዚህ በዶማዎ ላይ ይጮኻል፣ እርስዎም ይቆፍራሉ፣ ዶማውን ያስጠጋሉ፣ እንደገና ይጮኻል። ዶማውን ጥቂት እርምጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ የወጣውን አፈር በፕላስቲክ መዛቂያ እየከፋፈሉ ማሽኑ ላይ ማሳለፍ፣ ሚስማሩን በማግኔት መልቀም፣ ይህ ሁሉ ደስታውን ያሳጥራል። ሰበታ ደግሞ የሜታ አቦ ቢራ ከተማ ስለሆነች ቆርኪ አይቸግርዎትም፤ በእያንዳንዱ ጩኸት ሣጥኑ ተገኘ እያሉ መቆፈር ይችላሉ።

አምስተኛ፣ ማሽኑ እንደጮኸ በሙሉ ኃይልዎ ይሰንዝሩ። ጩኸቱ ቀጥ ብሎ እንደ መስመር ከተከተለዎት የውኃ ቧንቧ ወይም የመብራት ገመድ ሊሆን ይችላል፤ ቡራዩ የገፈርሳ ግድብ ውኃ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣባት ከተማ መሆኗንም አያስታውሱ። የዛገ ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካገኙማ ሳይነኩ ርቀው ለፖሊስ መንገር የፈሪ ሥራ ነው።

ስድስተኛ፣ ስለ መሬቱ ማንንም አይጠይቁ። የአገራችን ወርቅ የሚወጣው እንደ ሻኪሶና አሶሳ ካሉ አካባቢዎች ጥንታዊ አለት ነው፤ የአዲስ አበባ ዙሪያ ግን በአብዛኛው እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ነው። ይህን የሚነግርዎት ባለሙያ በእርስዎ ዕድል የሚቀና ነው። ላም አለኝ በሰማይ ያለ ሰው ስለ ግጦሹ አይጠይቅም።

ሰባተኛ፣ ሕግ አያንብቡ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ መሠረት ወይም መንገድ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ፈቃድ ይጠይቃል። መሬቱም ቢሆን የሆነ ገበሬ ወይም ነዋሪ ይዞታ ነው። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን መልካ ቁንጥሬን ግን እግረ መንገድዎን ሳይጎበኙ አይለፉ፤ ከባልጭት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። እዚያ የአርኪዮሎጂ ቆፋሪዎች በትንሽ መፈልፈያና በብሩሽ አፈሩን እየጠረጉ፣ እያንዳንዱን የድንጋይ መሣሪያ ከተገኘበት ንብርብር ጋር ይመዘግባሉ። ድንጋዩ ከቦታው ከተነቀለ ታሪኩ አብሮ ይነቀላልና። ይህን ካዩ በኋላም ዶማዎን ወደ ላይ ማንሣት ከቻሉ ምክራችን በደንብ ገብቶዎታል ማለት ነው።

አሁን ቀልዱን እንተወው። ቦታ አለኝ፣ መሠረት ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ፣ ችግኝ እተክላለሁ ለሚል ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ በደንብ የተቀጠቀጠ ዶማ፣ የደረቀ የወይራ ዛቢያ፣ ዲጂኖና ጠባብ አካፋ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ የሚገዛበት ካለው ዶማውን ይግዛ፤ ሌላውን ከጎረቤት ይዋስ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዶማ ይዞ ወጥቶ ገንዘብ ይዞ የሚገባው የሰው መሠረት ቆፍሮ የቀን ሒሳቡን የሚቀበለው የቀን ሠራተኛ ነው። የትኛው ዶማ እንደሚሰበርና የትኛው እንደሚቆይ ከማንም በላይ የሚያውቅ እሱ ነውና ምናለሽ ተራ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፤ የዋለበትንም ቀን ይክፈሉት።