ፈረዱልን፤ ማን ይክፈለን?

ረትተን የወጣን ቀን ዘመድ ወዳጁ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይለናል። ጠበቃው እጃችንን ይጨብጣል። «የፍርድ ባለመብት» የሚል ማዕረግም እናገኛለን። ማዕረጉ ደስ ይላል፤ ዳቦ ግን አይገዛም። ተረቺው «የፍርድ ባለዕዳ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኛ ባለመብቶቹ ወደ ሌላ ሰልፍ እንሄዳለን።

ፍርዱ ሲነበብ ያበደርነው ገንዘብ አብሮ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ለካ ፍርዱ አንድ መዝገብ፣ አፈጻጸሙ ሌላ መዝገብ ነው። ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ መጥሪያ፣ ሌላ ቀጠሮ። ግልባጩን የምናስወጣ እኛ፣ ፎቶ ኮፒ የምናስነሣ እኛ፣ ማህተም የምንለምን እኛ። ክሱን ስንከፍት የዳኝነት የከፈልንም እኛ ነን። እርግጥ ተከሳሹ ወጪያችንን እንዲተካ ተፈርዶበታል። እሱም ካልተከፈለን ላይ ተደመረ።

ከዚያ «ንብረቱን ጠቁሙ» እንባላለን። መርማሪ አይደለን፣ ደላላ አይደለን፣ የሰው ጓዳ አናውቅ! ቢሆንም እንጀምራለን። ለባንኮች ደብዳቤ ይጻፍልን እንላለን፤ ባንኩ ደግሞ ዛሬ ከ30 በላይ ሆኗል። አንዱ «በስሙ ሒሳብ የለም» ይላል። ሌላው «ሒሳብ አለው፤ ቀሪው 11 ብር ነው» ይላል። ወረዳው «በስሙ ካርታ የለም» ይላል። የተሽከርካሪው መሥሪያ ቤት «በስሙ መኪና የለም» ይላል። ይህን መልስ ይዘን አስፋልት ልንሻገር ስንል ሰውዬው በመኪና ያልፈናል፤ አንዳንዴም ጨዋ ነውና ያሻግረናል። ሊብሬው በአማቹ ስም ነው። ንግድ ፈቃዱ በሚስቱ ስም ነው። ቤቱ በእናቱ ስም ነው። በስሙ ያለው ዕዳው ብቻ ነው።

ሕጉ ባለዕዳውን ጠርቶ ስላለው ንብረት መጠየቅ ይፈቅዳል። ይጠራል። በአንደኛው ቀጠሮ አይመጣም፤ መጥሪያ አልደረሰውም። በሚቀጥለው ያመዋል። በሚቀጥለው ይመጣና «ምን አለኝ ብላችሁ ነው!» ይላል። ይመዘገባል። ደግሞ ቀጠሮ ይሰጠናል።

በመከራ አንድ ነገር ተገኘ እንበል፤ ሶፋና ፍሪጅ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ልብስ፣ መኝታ፣ የምግብ ማብሰያና የሙያ መሣሪያ አይያዝም ይላል፤ ከደመወዙም ቢሆን ከሲሶው በላይ አይነካም። በዚህ አንከራከርም፤ ሰው መሬት ላይ ይተኛ አላልንም። ግን ፍሪጁ ሊያዝ ሲል እህቱ «የኔ ነው» ብላ ተቃውሞ ታቀርባለች። ተቃውሞው ራሱ ክርክር ነው፤ የፍሪጁ ባለቤት ማን እንደሆነ ምስክር ይሰማል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐራጅ ቢወጣም ገዢ አይመጣም። «እንግዲያው በግምቱ ተረከቡት» እንባላለን። በሩ በገመድ የሚታሰር ፍሪጅ! ማጓጓዣውም በእኛ።

እውነቱን እንናገር፤ በእውነት ያጣ ባለዕዳ አለ። እሱን እናውቀዋለን። ሲያየን አንገቱን ይደፋል፤ «በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልስጣችሁ» ይላል፤ ሲሞላለትም ይሰጣል። በእሱ አንማረርም፤ ከሌለው ምን ይወሰዳል? ያንገበገበን ሌላው ነው፤ መዝገብ ላይ ድሃ፣ ድግስ ላይ ጌታ የሆነው። ሁለቱም ችሎት ቀርበው የሚሰጡት ቃል «የለኝም» ነው። መዝገቡ ሁለቱን አይለይም። እንድንለይ የተተውነው እኛ ነን፤ ያውም በራሳችን ትራንስፖርት።

አጽናኞች አይጠፉም። «ፍርድ እኮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ይፈጸማል፤ ታገሡ» ይሉናል። እንታገሣለን። ብሩ ግን አብሮን አይታገሥም፤ ስናበድረው ግማሽ ቤት ይሠራ የነበረው፣ ሲመለስ አንድ በር ቢገዛ ነው።

ገና ለመክሰስ የምትነሡ ወገኖች ስሙን። «እረታለሁ ወይ?» የሚለው ይቆያችሁ። መጀመሪያ በሰውዬው ስም ምን እንዳለ አጣሩ። ካለው፣ ክሱን በከፈታችሁበት ቀን ንብረቱ እንዲታገድ አመልክቱ፤ ፍርድ እስክትጠብቁ ንብረቱ ስም ቀይሮ ይጠብቃችኋል። ከሌለው ደግሞ ለዳኝነቱ የምታወጡትን ለልጆቻችሁ ጫማ ግዙበት። ገና ለማበደር እጃችሁን ኪሳችሁ የከተታችሁ ካላችሁማ፣ ከምስክሩና ከፊርማው በፊት «በስምህ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው፤ ዛሬ እሱ ቅር ቢለው ይሻላል፣ ነገ እናንተ ባለመብት ከምትባሉ።