ክዳኑን ማን ነጠቀኝ?

እናቴ ፈንዲሻ ስታፈነዳ የድስቱን ክዳን በጨርቅ ተጭኜ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከሰባት ልጆች መሀል ተመርጬ! እሷ ድስቱን በሁለት እጇ ትወዘውዛለች፤ እኔ እጄ እየተለበለበ ንቅንቅ አልልም። ጀበናው ከመቅረቡ በፊት ቤቱ ውስጥ የሚፈለግ ወንድ ቢኖር እኔ ነበርኩ።

ታዲያ ሰሞኑን ሰፈራችን ያለው ሱቅ በር ላይ ባለመስታወት የፈንዲሻ ማሽን ተተከለ። ዳቦ ልገዛ እወጣና ፊቱ እገተራለሁ። ድስቱ መሀል ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሰል የለ፣ ማራገቢያ የለ፤ የሚያግለው ሥሩ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ውስጡ አንድ ዘንግ እየዞረ በቆሎው እንዳያር ያማስላል። የእናቴ ክንድ መሆኑ ነው። ክዳኑስ? ክዳኑን የሚይዝ የለም! ፈንዲሻው ሲሞላ ራሱ ገፍቶ ይከፍተውና እየዘለለ ይወርዳል። የቀረውን ሻጯ ልጅ በእጀታው ገልበጥ ታደርገዋለች። ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዓመት የተለበለብኩት ለምን ኖሯል?

«አባባ፣ የሚያፈነዳው እኮ በቆሎው ውስጥ ያለው ውሃ ነው» አለችኝ ልጅቷ። ሳጣራ እውነቷን ነው። ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ እርጥበት ነው፤ ሙቀቱ ወደ 180 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎቱ ቅርፊቱን በርግዶት ይወጣል። በጣም የደረቀ በቆሎ እንደ ቆቅ አድፍጦ የሚቀረው ለዚህ ነው። እኛ ቤት ግን ጥሬው ከበዛ ጥፋተኛው ባለክዳኑ ነበር። «ከፍተህ አየህ አይደል!» እየተባልኩ የቀመስኩትን ቁንጥጫ አሁን ማን ይካሰኝ?

ጣጣውን ያመጣው ቻርለስ ክሬተርስ የሚባል የቺካጎ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1893 እዚያው ቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ፣ በቆሎውን ከነቅባቱና ከነጨው የሚያፈነዳ ባለእንፋሎት ማሽን ይዞ ብቅ አለ። ሰውዬው ከዚያ በፊት ኦቾሎኒ ይቆላ ነበር። እዚያው ቢረጋ ምን ነበረበት?

ቢጫነቱን እንኳ ልለፈው፤ ቀለም የገባበት ዘይት ነው አሉ። ሽታው ዕጣኑን እንደሚያሸንፈውም ልቻለው። አንጀቴን ያሳረረው ወለሉ ነው። ፈንዲሻው የሚወድቅበት ብረት እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ያልፈነዳችው ጥሬ በቀዳዳው ሾልካ ከሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ ትገባለች። ያቺ ጥሬ የክዳን ያዥ ደመወዝ ነበረች! ትልልቆቹ ነጩን ዘግነው ሲሄዱ፣ ድስቱ ሥር የቀረችውን ግማሽ ፍንድ፣ ጨው የጠጣች፣ ቆርጠም አደርግ ነበር።

እና ልጄ፣ መሳቢያውን ስትደፊው ቀድመሽ ጥሪኝ። ጥርሴ ባይችላትም ዶሮዎች አሉኝ።