አንበሳውን ጥሎ «ሜ»ን ያንጠለጠለ

አያ ዐዋቂ አንበሳሜ ገበያ ዳር ጠላ ቤት ተቀምጦ ፈረደ። «ጥርስ ሳይሰጠው የተወለደ ልጅ እርግማን አለበት፤ ሐኪም ምን ይፈይድለታል?» አለ። ስሙት ጎበዝ! ከአንበሳሜ አንበሳው ለሌላው ደርሶ፣ አንተ ጋ «ሜ»ዋ ብቻ መቅረቷን ዛሬ ገና አወቅሁ።

ለመሆኑ ጥርሱን ደርድሮ የሚወለድ ማን ነው? አንተም በድድህ ነው የመጣህ። ልዩነቱ፣ እስካሁን በድድህ ታስባለህ።

እርግማን አልክ? ፎገራ ሜዳ ዳር አድገህ የፎገራን ላም አፍ አላየህም? ከላይ የፊት ጥርስ አንድ እንኳ የላትም። ወተቷን ስትጨልጥ ግን እርግማኗን ጠበል አልረጨህባትም። ያውም እሷ የምታመነዥከው ሣር ነው። አንተ ወሬ።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ትላለህ። የጥርስ ቡቃያ መንጋጋ ውስጥ ሳይጸነስ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በዘር ነው፤ ፓክስ 9፣ ኤምኤስኤክስ 1 የሚባሉ ዘረ መሎች አሉበት። ከ32ቱ ጥርስ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የምትቀረው የመጨረሻዋ መንጋጋ ናት፤ ፈረንጅ «የጥበብ ጥርስ» የሚላት። ያንተ ወጥታ እንደሆነ አልጠይቅህም። ስታወራ ይታወቃል።

«እንግዲያ የወተት ጥርሱን ንቀሉለት፣ ትልቁ ይመጣል!» የት ካለ ነው የሚመጣው? የማይመጣ እንግዳ ለመቀበል ነባሩን ተከራይ ታስወጣለህ? ከሥሯ ተተኪ የሌላት የወተት ጥርስ በደንብ ከተያዘች ሠላሳንም አርባንም ዓመት ልትሻገር ትችላለች። መጀመሪያ ራጅ ይነሣ! ራጅ ማለት ካንተ በፊት ውስጡን አይቶ፣ ካንተ በኋላም ዝም የሚል ነገር ነው።

ነቀላ እኮ ሱስህ ነው። ሕፃን ባስቀመጠው ቁጥር «ግግ ነው» ብለህ ድዱን በጉጠት ያስቆፈርክ አንተ አይደለህም? ከታች የሚሄድን ተቅማጥ ከላይ የሚፈልግ! ያ የተቆፈረው የክራንቻ ቡቃያ ነው፤ አጠገቡ ያለውን የቋሚውን ጥርስ ቡቃያም ሊያበላሽ ይችላል። ስንቱ ልጅ ጥርስ ሳይኖረው ተወለደ ይባላል፣ ተዘርፎ ሳለ። ሌባው ደግሞ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ እርግማን ይተነትናል።

«ታዲያ ይተከልለታ!» አልክ፣ ስትሸነፍ። ተከላ ስትሰማ ችግኝ መሰለህ፤ ተክለህ፣ ፎቶ ተነሥተህ፣ ልትሄድ! የሚተከለው የቲታኒየም ብሎን ነው፤ ከአጥንት ጋር ይዋሐዳል፣ ካለበት ንቅንቅ አይልም። የልጅ መንጋጋ ግን ያድጋል። ጎረቤት ጥርሶች አብረው ሲወርዱ፣ የተተከለው እላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሰው ሁሉ ሲያድግ አንተ ባለህበት እንደቀረኸው። ስለዚህ ዕድገት እስኪያበቃ፣ ከ18 ዓመት ወዲያ እስኪሆን፣ ይጠበቃል። መጠበቅ ማለት ግን አፍ ከፍቶ መቀመጥ አይደለም። እሱን አንተ ይዘኸዋል።

እስከዚያ በሽቦ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ወይም ለሚመጣው ቦታ ይሰፋል። ተነቃይ ጥርስ አለ። ጎረቤት ጥርስ ጀርባ ላይ የምትጣበቅ ትንሽ ድልድይም አለች። «ድልድይ በአፍ ውስጥ?» ብለህ ትሥቃለህ። ሰው በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ዓባይን በ380 ሜትር ድልድይ ተሻገረ። አንተ ያንድ ጥርስ ስፋት አቅቶህ ማዶ ቆመሃል!

«ወርቅ ያስለብሰው!» ምኑን? የሌለ ጥርስ ካባ ይለብሳል እንዴ? ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ባለሙያ ልኩን መጀመሪያ በሰም ያበጃል። አንተ ሰሙን ዘለህ ወርቁ ላይ ወጣህ። ጎንደር ጎረቤትህ ሆኖ ቅኔ እንዲህ አለፈህ?

«ሩዝ ይብላ፣ አገሩ የሩዝ ነው።» ኤክስ ጅግና የምትሉት ሩዝ ለስላሳ ነው፣ አልካድኩም። ጥርስ ግን ለማላመጥ ብቻ መሰለህ? እስቲ ላይኛ ጥርስህን ታችኛው ከንፈርህ ሳታስነካ «ፎገራ» በል። በል እንጂ! ልጁ እህሉን ቢውጥ የአገሩን ስም ምን ላይ ደግፎ ይጥራው? የሰፈራችን ቆንጆ ፍንጭት ስትሆን ሲያዘፍንህ፣ ክፍተቱ አንድ ጥርስ ሲሰፋ ለምን ያስለቅስሃል?

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ጥርሱም ጥቂት፣ ጠጉሩም ሳሳ ያለ፣ ላብም የማያልበው አለ። አንተ «ላቡ የማይጠብ ሰነፍ» ትለዋለህ። ልጁ የላብ ዕጢ ስለሌለው ነው፤ በወረታ ፀሐይ ከብት ጠብቅ ስትለው ትኩሳት ይጥለዋል። ጥላና እርጥብ ጨርቅ ስጠው። ተነቃይ ጥርስ ከ3 ዓመቱ ጀምሮ ሊሠራለት ይችላል። አንተ ግን ላብ ዕጢህ ሞልቶ፣ ሲያልብህ ያየ የለም።

«የፈረንጅ ነገር ነው፣ አይዘልቅም።» የቲታኒየም ተከላ የመጀመሪያው ባለታሪክ ጎስታ ላርሰን የሚባል ስዊድናዊ ነው። መንጋጋው ከልደቱ ጉድለት ነበረበት፤ ታችኛው በኩል ጥርስ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ ተከለለት። በ2006 ሲሞት ጥርሱ አብሮት ነበር፤ ከ40 ዓመት በላይ! አንተ የተከልከው ባሕር ዛፍ እንኳ ስንቴ ተቆረጠ?

መንገዱን ካላወቅህ፦ ከአንበሳሜ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ባሕር ዳር። ወይም በወረታ አድርገህ ጎንደር፣ ዩኒቨርሲቲው የጥርስ ሐኪም የሚያሠለጥንበት። የመኪናው ዋጋ ከሳምንት ጠላህ አይበልጥ ይሆናል። ሒሳቡን ግን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ያንተን ጣሳ መቁጠር ትቻለሁ።

ቸኩለህ ደግሞ «መድኃኒት የለውም» እንዳትል። ጃፓኖች ኪዮቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ጥርስ ያስበቅላል የተባለ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል። መጀመሪያ ጥርስ በጎደላቸው አዋቂ ወንዶች ላይ ነው፤ ቀጥሎ ሲወለዱ ጀምሮ ቢያንስ 4 ጥርስ የሌላቸው ከ2 እስከ 7 ዓመት ያሉ ሕፃናት ታስበዋል። አፍ የሚያዘጋ መድኃኒት ግን ገና አልጀመሩም። ሲጀምሩ ስምህን ከወዲሁ አስመዝግበንልሃል፤ ተራህ አንድ ቁጥር ነው።