ሟርት አይደለም፣ ዓረቦን ነው

እናት ልጇን ልታርስ ወደ አሜሪካ ልትሄድ ነው። ቪዛው ተመታ፣ ትኬቱ ተቆረጠ፣ በርበሬው ተፈጨ፣ ሽሮው ተነፋ፣ ለገንፎው የሚሆነው ዱቄት ተሰናዳ። ሁለቱ ሻንጣዎች ከ23 ከ23 ኪሎ እንዳያልፉ ተመዘኑ፣ ተቀነሰላቸው፣ እንደገና ተመዘኑ። “የሕክምና ኢንሹራንስስ ተገዛላት?” ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ቤቱ በአንድ አፍ ይነሣበታል። ጠያቂው እኔ ነኝ። የሚመለስልኝን ስለማውቀው አጸፋውን ይዤ መጥቻለሁ።

“አንተ ሰውዬ፣ ሟርት አታውራ!”

እህቴ፣ እማማ የሰፈሩን ዕድር ስንት ዘመን ከፈሉ? በየወሩ ቆጥረው ሲሰጡ “ሞት እየጠሩ ነው” ያላቸው ሰው አለ? ድንኳኑና ድስቱ ተገዝቶ መጋዘን የገባው ጎረቤት እንዲሞት ተመኝተን ነው? ሞት ሳይመጣ ለሞት ማዋጣት ጨዋነት ከሆነ፣ በሽታ ሳይመጣ ለበሽታ መክፈል ከየት ወዲህ ሟርት ሆነ? ያውም ዕድሩ የሚደርሰው ዓይን ከተከደነ በኋላ ነው። ይኼኛው የሚደርሰው እማማ በሕይወት እያሉ ነው።

“ምንም ሳትሆን ብትመለስስ? ብሩ ቀለጠ ማለት አይደለም?”

ይቅለጣ! ዓረቦኑ የሚቀልጠው እናትህ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ስትመለስ ነው። ከዚህ የተሻለ የሚቀልጥ ገንዘብ ካለህ አሳየኝ። ለትርፍ ሻንጣ የጠየቁንን ሁሉ ሳንከራከር ከፍለን በርበሬ እናሻግራለን፤ በርበሬውን የምትሸከመው እናት ላይ ስንደርስ ነው ቆጣቢ የምንሆነው።

“እሷ እኮ ጤነኛ ናት፤ ትንሽ ደም ብዛትና ስኳር ብቻ ነው ያለባት።”

ወንድሜ፣ በየጠዋቱ ክኒን የሚውጥ ሰው ደህና የሚሆነው ክኒኑ ሳይቋረጥ፣ ምግቡ ሳይለወጥ፣ የሚያውቀው ሐኪም ሳይርቀው ነው። አንተ ሦስቱንም በአንድ ሌሊት ልትለውጥባት ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደለስ ድረስ ያለው በረራ ግማሽ ቀን አልፎ ይሄዳል፤ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ደግሞ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱን ስጋት ይጨምራል። ስትደርስ ክረምት ከሆነ የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረጃ በረዶ ግግር ነው፤ እሷ በዚያ ላይ ተራምዳ አታውቅም። አራስ ቤት ደግሞ ሌሊት መነሣት አለ፣ ሕፃን አቅፎ ደረጃ መውረድ አለ።

ዋጋውን እኔ አልነግርህም፤ ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ይንገርህ። ዜጎቹ የጤና መድን እንዲገቡ በሚመክርበት ድረ ገጹ ላይ የተሰበረ እግር ማስጠገን እስከ 7,500 ዶላር፣ ሦስት ቀን ሆስፒታል መተኛት ደግሞ በአማካይ 30,000 ዶላር አካባቢ ሊያስወጣ እንደሚችል ጽፏል። በሜሪላንድ ግዛት ሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። በዚያ ክፍያ ለምትሠራ እህትህ 30,000 ዶላር ማለት 2,000 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ ግብሩ ሳይነሣ፣ ኪራዩ ሳይከፈል፣ ሕፃኑ ወተት ሳይጠጣ 50 ሳምንት። እናት ለሦስት ቀን ተኛች፤ ልጅ ዓመት ሙሉ ለሆስፒታል ሠራች።

“አሜሪካ እኮ ሆስፒታል ሰው አይመልስም!”

አይመልስም፤ እውነትሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የመጣውን ሰው መክፈል ይችል እንደሆነ ሳይጠይቁ እንዲመረምሩትና ከአስጊው ሁኔታ እስኪወጣ እንዲያክሙት ያዛል። ሕጉ በሩን አስከፈተ፤ ቢሉን ግን አልሰረዘም። እማማ ከተኙበት ተነሥተው ገንፎ ማገንፋት ከጀመሩ በኋላ ፖስታው መምጣት ይጀምራል፦ የሆስፒታሉ ለብቻ፣ የሐኪሙ ለብቻ፣ የአምቡላንሱ ለብቻ። ሕጉ የሚያስገድደው አስጊው ነገር እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትልና መድኃኒት የእናንተው ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሆስፒታል ደርሳችሁ ወረቀት ሲቀርብላችሁ፣ በድንጋጤ ስለ እናታችሁ ሂሳብ ኃላፊነት እንደምትወስዱ አትፈርሙ፤ መጀመሪያ አንብቡት። ታካሚዋ እሳቸው ናቸው፤ ዋስ ሆኖ የፈረመ ልጅ ግን ዕዳውን የራሱ አደረገ። ቢሉ ከመጣ ደግሞ ዝም ብላችሁ በክሬዲት ካርድ አትክፈሉ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ታካሚ የገንዘብ እርዳታ የሚሰጡበት ደንብ በጽሑፍ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቅጹን ጠይቁ፣ ዝርዝር ሂሳብ ጠይቁ፣ ተደራደሩ። ኢንሹራንስ ላልገዛ ሰው የቀረው መንገድ ይኼ ነው፤ ረጅምም አድካሚም ነው።

“ሰው መቼ ጠፋ? ይዋጣል!”

ይዋጣል። ሐበሻ መች ጨክኖ ያውቃል! ጎፈንድሚው በአንድ ሌሊት ይከፈታል፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ያስታውቃል፣ ታክሲ የሚነዳው 50፣ ፓርኪንግ የሚሠራው 20 ይልካል። ግን እስቲ ልጠይቅህ፦ የእናትህን ዓረቦን ከኪስህ መክፈል ሲከብድህ፣ ያንን ሁሉ ሰው የእናትህን ቢል ማስከፈል እንዴት ቀለለህ? የሚያዋጣው ሰው የራሱ እናት አለችው፤ እሷም ልትመጣ ነው። ለክፉ ቀን የምንይዘውን ትከሻ በሁለት ወር ዓረቦን ሊዘጋ በሚችል ቀዳዳ አንጨርሰው። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” ያሉት ድስቱ ከመጣዱ በፊት ጊዜ ለነበራቸው ሰዎች ነው፤ አንተ ቪዛው ከተመታበት ቀን ጀምሮ ጊዜ ነበረህ።

“እኔ እንኳ ገዝቻለሁ፤ በጣም ርካሽ አገኘሁ።”

እሰይ! ግን ካልገዛው ሰው ይልቅ የምሰጋው ለአንቺ ነው፤ እሱ ባዶ እጁን መሆኑን ያውቃል። እስቲ ወረቀቱን አውጪው። ፊቱ ላይ 50,000 ዶላር ይላል? ወደ ውስጥ ግቢ። ለጎብኚ የሚሸጠው ኢንሹራንስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዝርዝር የተቆረጠ ነው፦ ለአንድ ሌሊት አልጋ ይህን ያህል፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ይህን ያህል ከፍሎ እጁን ይሰበስባል፤ ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ የጠየቀው በሙሉ ያንቺ ነው። ሁለተኛው ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራስሽ ኪስ የሚወጣውን፣ ከከፈልሽ በኋላ እስከ ጣሪያው ድረስ ከሂሳቡ በመቶ ይህን ያህል ብሎ የሚከፍል ነው። ርካሹ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። እኔን የምትሰሚኝ ከሆነ ሁለተኛውን ግዢ፤ ዋጋው ከበዛብሽ ዲዳክቲብሉን ከፍ አድርጊና ዓረቦኑን አውርጂው። 500 ወይም 1,000 ዶላር ራስሽ ትችያለሽ፤ የማትችይው 30,000ውን ነው።

ቀጥሎ የእድሜውን መስመር ፈልጊ። ብዙዎቹ 70 ወይም 80 ዓመት ላለፈው ሰው ጣሪያውን በጣም ያወርዱታል፤ ለአንቺ 100,000 የሚለው ለእማማ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀድሞ ስለነበረ በሽታ የሚለውን አንቀጽ አንብቢ። ደም ብዛት ላለባቸው እናት ስትሮክን የማይሸፍን ኢንሹራንስ ገዝተሽ ከሆነ፣ የገዛሽው ሌላ ሰው ለሚታመመው በሽታ ነው። አንዳንዱ ፖሊሲ የቆየ በሽታ በድንገት ሲባባስ እስከ ተወሰነ ገንዘብና እስከ ተወሰነ እድሜ ይከፍላል፤ መደበኛ ክትትልን ግን አይከፍልም። ፈልገሽ መያዝ ያለብሽ እሱን ነው። ክኒኑን እማማ ለቆይታቸው ሁሉ የሚበቃ ከነማዘዣው ከአገር ቤት ይዘው ይምጡ።

“ተው እባክህ፣ ኢንሹራንስ ሁሉ ሌባ ነው። ሲመጣበት አይከፍልም።”

የማይከፍልበት ጊዜ አለ፤ አልክድህም። ግን ቅጹ “የቆየ ሕመም አለ?” ሲል “የለም” ብሎ የሞላው ማን ነው? እኛ በደበቅነው ስኳር እነሱ ካሳ ከለከሉን፤ ስኳሩ ደግሞ ሆስፒታሉ በጻፈው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ቁጭ አለ። እውነቱን ሙላና ከዚያ በኋላ ቢከለክሉህ መብትህን ይዘህ ተሟገት። የኢንሹራንሱ ካርድ ላይ የ24 ሰዓት ስልክ አለ፤ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ መጀመሪያ አምቡላንስ ጥራ፣ ከዚያ ያለውን ሁሉ ለእነሱ ደውለህ አድርግ። ሳይደውሉ አልጋ መያዝ ክፍያ የሚያስቀንስባቸው ፖሊሲዎች አሉ።

አውሮፓ የሚሄደው ጓደኛችን ደግሞ “እኔ ለቪዛው ስል ገዝቻለሁ” ይላል። የሸንገን ሕግ ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ እንዲሆን፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመም ወይም በሞት ምክንያት ወደ አገር መመለስን እንዲያካትት ያዛል። እኛ ወረቀቱን ለኤምባሲው ሰጥተን እንረሳዋለን። በል ቅጂውን ስልክህ ላይ አስቀምጠው፤ ቀኑንም እየው። የመመለሻ ትኬትህን አንድ ሳምንት ስታራዝም ኢንሹራንሱ አብሮህ አይራዘምም። እንግሊዝ አገር ደግሞ ለጎብኚ ቪዛ ኢንሹራንስ ስለማይጠይቁ የማያስፈልግ ይመስላል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ነጻ ነው፤ አልጋ ከያዝክ በኋላ ያለው ግን ለጎብኚ ከመደበኛው ተመን 150 በመቶ ይሰላል። ሳትከፍል የሄድክበት ዕዳ 500 ፓውንድ ከደረሰ የሚቀጥለው ቪዛህ ላይ ይጠብቅሃል።

“እኔን አይመለከተኝም፤ ሜዲኬር አለኝ” ያሉኝ ጋሼስ? ጋሼ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው መድን፣ ሜዲኬርዎ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ለጥምቀት አዲስ አበባ ሲገቡ ካርዱ ኪስዎ ውስጥ ያለ ፕላስቲክ ነው። የሜዲኬር ማሟያ የሆነው ሜዲጋፕ ካለዎት ይመልከቱት፤ አንዳንዶቹ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀን ለሚደርስ ድንገተኛ ሕመም፣ እርስዎ 250 ዶላር ከከፈሉ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ ለዕድሜ ልክ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። እሱ ከሌለዎት የጉዞ ኢንሹራንስ ይግዙ፤ ሲገዙም በሕመም ጊዜ በአውሮፕላን የሚያጓጉዘውን ክፍል አይተዉት። ለእርስዎ ዋናው እሱ ነው።

“እንግዲያው ሁሉንም ልግዛ?” አይ፣ ሁሉንም አልኩ? ሻንጣ ቢጠፋ፣ በረራ ቢዘገይ፣ ትኬት ቢሰረዝ እያሉ የሚጨምሩብሽን ተይው። ሻንጣ ቢጠፋ በርበሬ ይፈጫል፤ አየር መንገዱም ተጠያቂነት አለበት። ገንዘብሽ ሕክምናው ላይ ይዋል፤ በሞት ጊዜ አስከሬን ወደ አገር የሚመልሰውም ላይ፤ ዲያስፖራ ለዚያ ስንት ጊዜ እንዳዋጣ ታውቂያለሽ።

“እሺ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን።”

በረራው መቼ ነው?

“ሐሙስ ማታ።”

ኢንሹራንሱ የሚጀምርበትን ቀን ሐሙስ ብለሽ ዛሬውኑ ግዢው። አንዳንዶቹ ጎብኚው ከገባ በኋላ ሲገዛ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሕመም አይሸፍኑም። ይልቅ አሁን ለእናትሽ ደውዪና የሚውጧቸውን ክኒኖች ስም አንድ በአንድ ከዕቃው ላይ እንዲያነቡልሽ ጠይቂ፤ ቅጹን ስትሞዪ ያስፈልግሻል።