ትከሻና ሰደፍ

የቀኝ ትከሻዬን የጎዳው ጠመንጃ አይደለም። ዴንቨር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሳነሳ ኖሬ ጅማቱ ተቀደደ፤ በቀዶ ጥገና ተሰፋ። ይህን ሥራ የሠሩ እህቶቼ ሕመሙን ያውቁታል። ባለቤቴና አበልጃችን «ዘንድሮ ኤልክ (ትልቁን አጋዘን) አደን ካልወጣሽ» ብለው ሲይዙኝ ተራራውም ብርዱም አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ የሰደፉ ርግጫ ነው።

የአበልጃችን አባት ኮሪያ ዘምተዋል። የቃኘው ሻለቃ እዚያ የተዋጋበት ኤም-ዋን ጋራንድ የሚጎርሰው «ሠርቲ ኦት ሲክስ» የሚባለውን፣ የአሜሪካ ጦር በ1906 እ.ኤ.አ. የተቀበለውን ጥይት ነበር። አበልጃችንም ለአደን የሚይዙት ያንኑ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። «አበልጄ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው እንጂ ምንም አይልሽም» አሉኝ። አባታቸው የቻሉትን ሰው ሁሉ የሚችለው ይመስላቸዋል።

ነገር ግን ጋራንድ ባዶውን 4.3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከባሩዱ ጋዝ ከፊሉንም ራሱን ለማቀባበል ስለሚጠቀምበት ምቱ ይለዝባል። የአበልጄ ጠመንጃ ተራራ ለመውጣት እንዲመች የቀለለ፣ በእጅ የሚቀባበል፣ የሰደፉ ጫፍ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ያው ጥይት ክብደቱ በግማሽ ካነሰ ጠመንጃ ሲተኮስ የርግጫው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ጀግንነት ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ተኩስ መለማመጃው ቦታ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ እንድተኩስ አስቀመጡኝ። ለኢላማው ጥሩ ነው፤ ለትከሻ ግን ከዚያ የከፋ የለም። ቆሞ የሚተኩስ ሰው ገላው ከምቱ ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ግን መሄጃ ስለሌለው ሁሉንም ይቀበላል። የተሰፋው ቦታ እስከ ክርኔ ነዘረኝ።

አበልጄ አዝነው ከመኪናቸው ጋቢ አመጡና አጥፈው ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝ። ጋቢው ሰደፉን አስረዘመው። በማነጣጠሪያው መነጽር ለማየት አንገቴን ወደ ፊት መዘዝኩ፤ ጠመንጃው በለስላሳው ጋቢ ላይ ተንሸራቶ ሲመለስ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቤን ተረተረው። ደሜን እየጠረግን ወደ ቤት ገባን።

ቀጥሎ ባለቤቴ አፈሙዙ ላይ የሚገጠም፣ ጎንና ጎኑ የተበሳ ብረት አስገጠመ። ጋዙ በቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ስለሚወጣ ርግጫው በእርግጥ በጣም ቀነሰ። ድምፁ ግን አጠገቤ የነበሩትን አዛውንት ከወንበራቸው አስነሳቸው፤ የቦታው ኃላፊ መጥቶ ወደ ዳር እንድንሄድ ነገረን። የጆሮ መሸፈኛ ደርቤ እንኳ እያንዳንዱ ተኩስ ያስደነግጠኝ ነበር።

ድንጋጤው ከሕመሙ ይብሳል። ባለቤቴ እኔ ሳላይ ከደህናዎቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌለው ማስመሰያ ቀላቀለብኝ። ማስመሰያው ላይ ምላጩን ስስብ ምንም ሳይተኮስ አፈሙዙ ወደ መሬት አዘቀዘቀ፤ ገላዬ ምቱን ጠብቆ አስቀድሞ ሸሽቷል ማለት ነው። እንዲህ እየሸሸሁ ኤልክ ላይ ብተኩስ ሆዱን ወይም እግሩን አገኘዋለሁ፤ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ ቀናት ሲሰቃይ ቆይቶ ይሞታል። ርግጫ መቀነስን የደካማ ጉዳይ የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ያስቡት። ችዬው ብተኩስ የሚጎዳው ያ ፍጡር ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከአንድ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። ክንዴን አጥፎ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለውን ርቀት በእኔ ልክ ለካ፤ ሰደፉ ለእኔ ረጅም ስለነበር ጫፉ ትከሻዬን የሚነካው ዳር ዳሩን ነበር። ጠመንጃውንም ቀይሩላት አለ። ሰባት ሚሊሜትር-ዜሮ-ስምንት የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ መረጠልን፤ ሰደፉን አሳጠረ፤ ጫፉ ላይ ወፍራም ለስላሳ ጎማ ለጠፈ። ጎማው ምቱን አያጠፋውም፤ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይበትነዋል፣ ትንሽም ያዘገየዋል፤ ለተሰፋ ጅማት ደግሞ ልዩነቱ ያ ነው። የጥይቱ አረር 9 ግራም ያህል ነው፤ የአበልጄ ወደ 12 ይጠጋል። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን በደንብ ስለሚበልጥ እንስሳውን አላጉላላም። ልምምዱን በብዛት የማደርገው ርግጫዋ ከቁጥር በማይገባ፣ «ሃያ ሁለት» በምትባል ትንሽ ጠመንጃ ነው፤ በትልቁ ጥቂት ተኩሼ ትከሻዬ ሳይደክም አቆማለሁ።

በቀደም አበልጄ አዲሱን ጠመንጃ ተቀብለውኝ ተኮሱ። ደግመው ተኮሱ። ከዚያ ጎማውን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ «አበልጄ፣ እኔም እኮ በቀኝ ጎኔ መተኛት ካቃተኝ ዓመታት ሆነኝ» አሉ። ለባለቤታቸው እንኳ ነግረው አያውቁም። የእሳቸውንም ጠመንጃ እዚያው ጠጋኝ ዘንድ ወስደነዋል፤ አደኑ በጥቅምት ስለሆነ ሰደፉ እስከዚያ ይደርስላቸዋል።